ሮድስተር ወይስ ጂቲ? አሮጌ ኤምጂቢ ሲገዙ የጣሪያውን ዓይነት የመምረጫ መመሪያ

አሮጌ የስፖርት መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ገና ፍለጋውን ሲጀምር የሚገጥመው ጥያቄ የጣሪያ ጉዳይ ነው፤ ሸራው ተጠቅልሎ ፀሐይና ነፋስ እየተቀበሉ የሚነዱትን ይግዛ ወይስ የብረት ጣሪያ ያለውን። ይህ መመሪያ ጥያቄውን በእንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ በተሠራው በኤምጂቢ ላይ አድርጎ ደረጃ በደረጃ ያያል። ኤምጂቢ ለዚህ ጥያቄ የሚመች መኪና ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ዓይነቶች በሞተርም፣ በማርሽም፣ በአብዛኛው መለዋወጫም አንድ ሆነው በዋናነት የሚለያዩት በጣሪያቸው ነው። ክፍቱ ሮድስተር በ1962 ለገበያ ቀረበ፤ ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን የዲዛይን ቤት እጁን ያሳረፈበት ባለ ብረት ጣሪያው ጂቲ ደግሞ በ1965 ተከተለ። ምርቱ በ1980 እስኪቆም ድረስ በድምሩ ከ500,000 በላይ ስለተሠሩ፣ ዛሬም መኪናውንም መለዋወጫውንም ማግኘት አይከብድም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ መመሪያው በተግባር የሚጠቅመው በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎች ነው።

አንደኛ፦ ጣሪያው ምን ሥራ እንደሚሠራ ይረዱ

ብዙ ሰው ጣሪያን የሚያስበው ከዝናብና ከፀሐይ መከለያ አድርጎ ነው። በኤምጂቢ ላይ ግን ከዚያ በላይ ሥራ አለው። ከእርሱ በፊት የነበረው ኤምጂኤ ራሱን የቻለ ሻንሲ ነበረው፤ የላይኛው አካል የሚቀመጠው በዚያ ሻንሲ ላይ ነበር። ኤምጂቢ ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ የጎኑ ላሜራና ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው የብረት ሳጥን በብየዳ ተያይዘው መኪናውን በአንድነት ይሸከሙታል። ጂቲው ላይ ጣሪያውም በዚህ ሥራ ይካፈላል። ልዩነቱን በእጅ መሞከር የሚፈልግ ሰው ባዶ የጫማ ካርቶን ክዳኑ እንደ ተለጠፈ በሁለት እጁ ይዞ ያጣመው፤ ከዚያ ክዳኑን አንሥቶ እንደገና ይሞክረው። ክዳኑ የተነሣው ካርቶን በቀላሉ ይጣመማል፤ ጉልበቱን ሁሉ የሚሸከሙት የታችኞቹ ጠርዞች ብቻ ናቸውና።

በሮድስተር ላይ ያ የታችኛው ጠርዝ ከፊት ጎማ ኋላ ተነሥቶ በበሩ ሥር አልፎ እስከ ኋላው ጎማ የሚዘልቀው ሳጥን ነው፤ ከዚህ በኋላ የበር ሥር ተሸካሚ እለዋለሁ። ይህ ክፍል በዝገት ከተበላ ሮድስተሩ መሐሉ ላይ ይሰግዳል። ጂቲውም ይህ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ዝገቱም ያው ዝገት ነው፤ ነገር ግን ጣሪያው ስለሚያግዘው መዛነፉ ቶሎ አይታይም። ከዚህ የሚነሣውን አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ፦ አካሉ ጤነኛ የሆነ ጂቲ አካሉ ከተጎዳ ሮድስተር ይሻላል፤ አካሉ ጤነኛ የሆነ ሮድስተርም አካሉ ከተጎዳ ጂቲ ይሻላል። የጣሪያው ምርጫ ትርጉም የሚኖረው ሁለት ጤነኛ መኪኖች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ነው።

ሁለተኛ፦ አጠቃቀምዎን በጽሑፍ ያስፍሩ

ማስታወቂያ ማየት ከመጀመርዎ በፊት ወረቀት ላይ የሚከተሉትን ይመልሱ፤ መኪናው ሌሊት የሚያድረው የት ነው? በዓመት ስንት ቀን ይነዱታል? በምን ወቅት? ከእርስዎ ጋር የሚቀመጠው ማን ነው? ከ100 ማይል በላይ የሚጓዙት ስንት ጊዜ ነው? መልሱ በአእምሮ ብቻ ሲቀር ሰው ራሱን ያታልላል፤ በልቡ የወደደውን መኪና የሚደግፍ መልስ ይፈጥራልና።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይመዝናል። በር የሚዘጋበት ጋራዥ የሌለውና መኪናውን መንገድ ዳር የሚያሳድር ሰው ሮድስተር ባይገዛ እመክራለሁ። የሸራ ጣሪያ በየቀኑ ለፀሐይ፣ ለዝናብና ለበረዶ ሲጋለጥ ዕድሜው ያጥራል፤ ውኃ ማስገባት ሲጀምር ምንጣፉ ይረጥባል፤ ከረጠበው ምንጣፍ ሥር ደግሞ ወለሉ ማንም ሳያየው ይዝጋል። የሌባም ጉዳይ አለ፤ ሸራ በምላጭ ስለሚቀደድ የሮድስተር በር ቢቆለፍም ባይቆለፍም ያን ያህል ልዩነት የለውም።

የአየሩ ጠባይም ከአገር አገር ይለያያል። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ አካባቢ የበጋው ከሰዓት በኋላ ዝናብ ድንገተኛ ነው፤ የሐምሌው ሙቀትም እርጥበት ያለበት ስለሆነ ቀትር ላይ ጣሪያ ከፍቶ መንዳት ደስታው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። እዚያ ክፍት መኪና የሚጣፍጠው በሚያዝያ፣ በግንቦት፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ በበጋ ደግሞ በማለዳና በምሽት ነው። በለንደን ሙቀቱ ሳይሆን ዝናቡ ነው የሚወስነው። ጂቲ በበኩሉ በሙቀት ቀን ቀላል መኪና አይደለም፤ የኋላው መስታወት ሰፊ ነው፣ የሞተሩና የማርሹ ሙቀት ወደ እግር መቆሚያው ይመጣል፣ አብዛኞቹም አየር ማቀዝቀዣ የላቸውም። ስለዚህ «ሙቀት አልወድምና ጣሪያ ያለውን ልግዛ» የሚለው ሐሳብ በዚህ መኪና ላይ አይሠራም።

ሦስተኛ፦ በሁለቱም ውስጥ ይቀመጡ

ከማንኛውም ድርድር በፊት በሁለቱም ዓይነት ውስጥ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጡ። የጂቲው የፊት መስታወት ከሮድስተሩ ከፍ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ወደ ፊት ሲያይ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል። ሮድስተሩን የሚሞክሩት ሸራው ተከፍቶም ተዘግቶም ይሁን። ሸራው ሲዘጋ ከኋላ በግራና በቀኝ ጎን ያለው እይታ በጣም ይጠብባል፤ ይህን ሳያውቁ በአውራ ጎዳና ላይ መስመር መቀየር አደገኛ ነው። ሸራውን ሻጩ ሳይሆን እርስዎ ራስዎ ይዝጉትና ይክፈቱት። በቀደምቶቹ ዓመታት ላይ አቃፊ ብረቱ ጭምር ተነቅሎ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚገባ ዓይነትም ስለነበረ፣ ድንገት ዝናብ ቢመጣ መንገድ ዳር ቆመው ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድብዎት አስቀድመው ማወቅ ይገባዎታል።

ጂቲ ከኋላ ትንሽ መቀመጫ አለው። ለትልቅ ሰው አይሆንም፤ ለልጅም ቢሆን የዛሬውን የደኅንነት መቀመጫ ካልያዘ እንደ መቀመጫ አይቁጠሩት። እውነተኛ ጥቅሙ ሲታጠፍ ነው፤ ወደ ላይ ከሚከፈተው የኋላ በር እስከ ፊት መቀመጫ ድረስ የተስተካከለ ወለል ይሆንና ለሁለት ሰው የሳምንት ጉዞ ሻንጣ ይይዛል። ረጅም መንገድ ለሚወድ ሰው ይህ ነገር ከመልክ በላይ ይመዝናል። የብረት ጣሪያው ሰሚንም ያሳርፋል፤ ሸራ በተዘጋበት ሮድስተር በሰዓት 65 ማይል እየነዱ ከጎን ካለ ሰው ጋር ድምፅን ሳያነሡ መነጋገር አይቻልም። መኪናው ቢገለበጥ ደግሞ ከሮድስተሩ ተሳፋሪ በላይ ያለው የፊት መስታወቱ አቃፊ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ የብረት አካሉን ይመርምሩ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ባትሪ ያለው መብራት፣ ማግኔት፣ ክሪክና የቆሸሸ ልብስ ይዘው ይሂዱ፤ መኪናውንም በቀን ብርሃንና በደረቅ ቀን ይዩት፤ እርጥበት የቀለም ጉድለትን ይሸፍናል።

መጀመሪያ ከመኪናው ጎን አምስት እርምጃ ርቀው ይቁሙና በበሩና ከኋላው ባለው ላሜራ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። በሮድስተር ላይ ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ መኪናው መሐሉ ላይ ሰግዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወዲያው አይፍረዱ፤ በሩን ግማሽ ከፍተው ጫፉን ወደ ላይ ያንሡት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያለቀው ማጠፊያው ነው፤ እርሱ ቀላል ጥገና ነው። የማይንቀጠቀጥ ከሆነና ክፍተቱ ግን የተዛባ ከሆነ ችግሩ ከሥር ነው።

ቀጥሎ በባለቤቱ ፈቃድ፣ የኋላው ባሌስትራ የፊት ጫፍ ከሚታሰርበት ቦታ ሥር ክሪኩን አስገብተው መኪናውን ጎማው መሬት እስኪለቅ በቀስታ ያንሡት። መኪናው በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሳለ ማንም ከሥሩ አይግባ። እንደተነሣ በሩን ከፍተው ይዝጉት። ጤነኛ አካል ያለው መኪና በሩ እንደ ቀድሞው ይከፈታል፤ ይዘጋልም። በሩ ከያዘ ወይም ክፍተቱ በዓይን በሚታይ መጠን ከተለወጠ፣ የበር ሥር ተሸካሚው ደክሟል። ክሪኩ ላሜራውን ሰብሮ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

የበር ሥር ተሸካሚው አንድ ላሜራ አይደለም። ውጭ የሚታየው ሽፋን፣ በውስጡ የቆመው ገዳቢ ላሜራ፣ ወደ ወለሉ የሚያያዘው የውስጥ ክፍልና ከታች የሚያስተሳስረው ባለ ጥርስ ቅርጽ ሀዲድ ተደርበው የሠሩት ሳጥን ነው። አታላይ ጥገና የሚደረገው በዚህ ላይ ነው፤ የበሰበሰውን ትቶ ከላዩ አዲስ ሽፋን መበየድና በስቱኮ ማስተካከል። ማግኔቱን ከበሩ ሥር ከፊት እስከ ኋላ እያስጠጉ ይሂዱ፤ የማይስብበት ቦታ ላይ ያለው ስቱኮ ነው። ከዚያም ምንጣፉን አንሥተው ከውስጥ በኩል ወለሉ ከተሸካሚው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ይዩ፤ ከውጭ ያማረ ሥራ ከውስጥ ይጋለጣል።

ተሸካሚው ተቀይሯል ከተባሉ የሥራውን ፎቶግራፍ ይጠይቁ። በሮድስተር ላይ ይህ ጥያቄ የሞት ሽረት ያህል ነው። የድሮው ተቆርጦ አዲሱ ሲበየድ መኪናው በደንብ ካልተደገፈ፣ በበሩ ክፍት ቦታም ደጋፊ ብረት ካልታሰረ፣ አካሉ በሥራ ላይ ሳለ ይሰግድና አዲሱ ብረት ያንን ጠማማነት ለዘለዓለም ያጸናዋል። እንዲህ ያለውን መኪና ማቃናት እንደገና ቆርጦ መጀመር ማለት ነው። ጥንቃቄ ያደረገ ባለሙያ ደጋፊው የሚታይበት ፎቶግራፍ አያጣም።

በሁለቱም ዓይነቶች ላይ ከወንበሮቹ ኋላ ያሉትን የባትሪ ማስቀመጫዎች (እስከ 1974 ገደማ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ይቀመጡባቸው ነበር)፣ የባሌስትራ ማሰሪያዎቹንና ከፊት ጎማ ኋላ ያለውን የፓራፋንጎ የታችኛ ክፍል ይመርምሩ። ጭቃና አሸዋ የሚከማቸው እዚያ ነው።

ጂቲው የራሱ የሆኑ ደካማ ቦታዎች አሉት። የፊት መስታወቱ የታችኛ ማዕዘኖች፣ የኋላው በር የታችኛ ጠርዝ፣ ከጎን መስታወቶቹ ሥር ያለው ላሜራና በጣሪያው ጠርዝ ያለው የውኃ መውረጃ ይዝጋሉ። የጣሪያ ዝገት የሚጠገነው መስታወትና የውስጥ ልባስ ወልቆ ስለሆነ ከሮድስተር ሸራ ለውጥ ጋር አይወዳደርም። የሚከፈት የሸራ መስኮት ጣሪያው ላይ የተገጠመለት ጂቲ ካገኙ፣ ጣሪያው የተቆረጠበትን ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። የኋላው በር ላስቲክ ካረጀ የጭስ ጋዝ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከማሽከርከርዎ በፊት ማስቀየር ግዴታ ነው።

የአሜሪካ ገዢ መኪናው የኖረበትን ግዛት ታሪክም ይጠይቅ። መንገድ ላይ ለበረዶ ጨው በሚረጭባቸው እንደ ኒው ዮርክ፣ ፔንሲልቫኒያና ኦሃዮ ባሉ ግዛቶች የኖረ መኪና በአሪዞና ከኖረው ጋር በአንድ ዋጋ አይገዛም። የአሪዞናው ክሩስኮትና ወንበር በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይሆናል፤ ግን ወንበር ከብረት ይልቅ በርካሽ ይታደሳል።

አምስተኛ፦ ሸራውን ለብቻው ይገምግሙ

ሮድስተር ከሆነ የሸራውን ስፌት፣ የኋላውን የፕላስቲክ መስኮትና የአቃፊውን ብረት ይመርምሩ። መስኮቱ ቢጫ ሆኖ ከደበዘዘ ወይም ሸራው ከተቀደደ በዋጋው ላይ ይደራደሩ እንጂ መኪናውን በዚህ ምክንያት አይተዉት፤ አዲስ ሸራ በገበያ አለ። የተጣመመ አቃፊ ብረት ግን አዲሱን ሸራም ያበላሻል። ከገዙ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ያስታውሱ፦ እርጥብ ሸራ አጥፈው አያስቀምጡ፤ በብርድ ቀን ደግሞ አያጥፉት፤ የፕላስቲኩ መስኮት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ስድስተኛ፦ ዓመቱንና ጣሪያውን አንድ ላይ ያስቡ

ሁለቱም ባለ 1798 ሲሲ ሞተር ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ 95 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጂቲው ከሮድስተሩ ወደ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚከብድ ሲነሣ ትንሽ ይዘገያል፤ ነፋሱን የሚያሳልፍበት ቅርጽ ስላለው ግን በረጅም ቀጥተኛ መንገድ ላይ አያፍርም። ጂቲ በኋላ ስለመጣ የተወሰኑ ማሻሻያዎችን ከመጀመሪያው ይዞ ተወልዷል፤ በ1964 መጨረሻ የገባውን ባለ አምስት ተሸካሚ የክራንክ ዘንግ (በሞተሩ ውስጥ በአምስት ቦታ የተደገፈውን ዋና ዘንግ) ሁሉም ጂቲዎች አላቸው፤ ጠንካራውን የኋላ አክስልም ሮድስተሩ ያገኘው በ1967 ሲሆን ጂቲው ከልደቱ ጀምሮ ነበረው።

በ1974 መገባደጃ የአሜሪካን ሕግ ለማሟላት ትልልቅ ጥቁር የጎማ ፓራውልቶች ተገጠሙ፤ መኪናውም ከፍ እንዲል ተደረገ። መዞሪያ ላይ የነበረው ጠባይ ተበላሸ፤ ለ1977 ሞዴል የጸረ ማጋደል ዘንግ ሲጨመርለት በከፊል ተስተካከለ። ለአሜሪካ የሚላከው መኪና ከ1975 ጀምሮ በሁለቱ ኤስዩ ካርቡራተሮች ፈንታ አንድ ስትሮምበርግ ስለተገጠመለት ጉልበቱ እጅግ ቀነሰ። ጂቲ ደግሞ ከ1974 ሞዴል በኋላ ወደ አሜሪካ መላኩ ቆመ። በመሆኑም በአሜሪካ ገበያ ጂቲ ሲገዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት በክሮም ፓራውልት ያጌጠውን፣ ጉልበቱ እጅግ ከመቀነሱ በፊት የተሠራውን ነው፤ ይህ ብዙ ገዢ ልብ የማይለው የጂቲ ጥቅም ነው። ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲነዱ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ያለው ከተገኘ፣ በተለይ ለጂቲ፣ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል፤ በአውራ ጎዳና ላይ ሞተሩን ያሳርፈዋል።

ሰባተኛ፦ በሻካራ መንገድ ይንዱት

የሙከራ ጉዞው ለስላሳ አስፋልት ላይ ብቻ አይሁን። ሮድስተሩን የተጠጋገነ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ማይል ያህል እየነዱ የውስጥ መመልከቻ መስታወቱንና መሪውን ልብ ይበሉ። ጥቂት መንቀጥቀጥ የክፍት መኪና ተፈጥሮ ነው፤ ክሩስኮቱ ከመሪው ጋር የሚወዛወዝ ከሆነ ግን በአራተኛው ደረጃ ያመለጠዎት ዝገት አለ፤ ተመልሰው ይፈልጉት። ጂቲው በዚሁ መንገድ ላይ ጸጥ ያለና የጠነከረ ሊሆን ይገባዋል።

ስምንተኛ፦ መካከለኛውን መንገድና ዋጋውን ይመዝኑ

ለሮድስተር የሚወልቅና የሚገጠም ጠንካራ ጣሪያ አለ። ክረምት ላይ ሙቀት ይይዛል፣ ድምፅም ይቀንሳል። ነገር ግን አካሉን እንደ ጂቲ ጣሪያ አያጠነክረውም፤ ለማንሣት ሁለት ሰው፣ ለማስቀመጥም ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። ጋራዥ ላለውና መኪናውን ዓመቱን ሙሉ ለሚነዳ ሰው እውነተኛ መፍትሔ ነው፤ አፓርትመንት ለሚኖር ሰው ግን ሸክም ነው።

በአሜሪካም በእንግሊዝም ሮድስተር በተመሳሳይ ሁኔታ ካለ ጂቲ በአብዛኛው ይወደዳል። ስለዚህ በያዙት ገንዘብ የተሻለ አካል የሚያገኙት ጂቲ ሲገዙ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጌ መኪና ለሚገዛና ብየዳ ለማያውቅ ሰው ምክሬ ጂቲ ነው፤ ጋራዥ ኖሮት፣ መኪናውን በመልካም ቀን ብቻ ለሚያወጣና ስለ አካሉ በባለሙያ ለተረጋገጠለት ሰው ግን ሮድስተር የሚሰጠው ደስታ በጂቲ አይተካም። ለንደን የሚኖሩ አንባቢዎች ኤምጂቢ ሁሉ ከ40 ዓመት በላይ ስለሆነው በታሪካዊ መኪናነት ከተመዘገበ ከከተማው የጭስ ክፍያ ነፃ መሆኑን ያስቡ።

ከመክፈልዎ በፊት

በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለውን የመኪናውን ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። በአብዛኞቹ ዓመታት የሮድስተሩ ቁጥር የሚጀምረው በጂ፣ ኤች፣ ኤን ፊደላት ሲሆን የጂቲው በጂ፣ ኤች፣ ዲ ነው። ክፍት መኪና ላይ የጂቲ ቁጥር ካገኙ ወይ ሰሌዳው ከሌላ መኪና መጥቷል፣ ወይ ጣሪያው ተቆርጦ ወጥቷል፤ በሁለቱም መንገድ አይግዙት። ጥርጣሬ ካለብዎት በእንግሊዝ ጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ የተቀዳ የምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል፤ መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙንና የተላከበትን ገበያ ይገልጻል። ሻጩ ወረቀቱ እስኪመጣ ለመጠበቅ ፈቃደኛ ካልሆነ ገንዘብዎን ይዘው ወደሚቀጥለው መኪና ይሂዱ።